ሲሳሳት ማን ይከፍላል?

ባለፈው ዓመት ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጫማ ለሚሸጡ አንዲት እናት የሠራነውን ቦት (የደንበኛን መልእክት በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም) ላሳይ ሄድኩ። እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው፤ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ሱቃቸው ቀድሞ ፒያሳ ነበር። ፒያሳ ሲፈርስ ወደዚህ መጡ፤ በእግሩ እየመጣ ይገዛቸው የነበረው ደንበኛ ግን ተበተነ። ከዚያ ወዲህ ደግፎ የያዛቸው የቴሌግራም ቻናላቸው ነው። ማታ ማታ ፎቶ ይለጥፋሉ፣ ከሥሩ "ዋጋ በውስጥ መስመር" ብለው ይጽፋሉ፣ ከዚያ በኋላ ስልካቸው እስከ እኩለ ሌሊት ዕረፍት የለውም። "ስንት ነው?" "38 ቁጥር አለ?" "አድራሻችሁ የት ነው?" "የመጨረሻ ስንት?"

የእኛ ቦት ይሄንን ሁሉ ይመልሳል። እንደ ደንበኛ ሆኜ ጥያቄ ጻፍኩለት፤ በሰከንዶች ውስጥ ጥርት ባለ አማርኛ መለሰ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። አንዴ ደገሙት። ከዚያ ስልኩን እየመለሱልኝ "ጎበዝ ነው" አሉ። "ግን ልጄ፣ ሲሳሳት ማን ነው የሚከፍለው?"

ይሄንን አልጠበቅኩም ነበር። ተዘጋጅቼ የሄድኩት ቦቱን የሚያናግረው የትኛው የሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ሞዴል እንደሆነ፣ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ፣ ኦሮምኛና ትግርኛም እንደሚሞክር ለማስረዳት ነው። አንዱንም አልጠየቁኝም። ዛሬ የምጽፈው ያቺ ጥያቄ ሥራዬን እንዴት እንደለወጠችው ነው። ስታርታፕ የጀመራችሁ፣ በተለይ ደግሞ "ኤአይ እንጨምርበት" እየተባባላችሁ ያላችሁ፣ ብታነቡት ደስ ይለኛል።

እኔ ፕሮዳክት ማኔጀር ነኝ። ኮዱን የሚጽፉት ሌሎች ናቸው። ምን እንደሚሠራ፣ ለማን እንደሚሠራ፣ በስንት እንደሚሸጥ መወሰን የእኔ ድርሻ ነው። ቡድናችን ትንሽ ስለሆነ ማርኬቲንጉም እኔው ጋ ነው። (ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የዚያን ቀን ቢሮ ተመልሼ መጀመሪያ ያነበብኩት የኤር ካናዳን ጉዳይ ነው። በ2022 አያቱ የሞቱበት አንድ መንገደኛ የአየር መንገዱን ቦት ስለ ሐዘን ቅናሽ ይጠይቀዋል። ቦቱም ሙሉውን ዋጋ ከፍለህ ሂድና በ90 ቀን ውስጥ ቅናሹን መጠየቅ ትችላለህ ይለዋል። የአየር መንገዱ ደንብ ግን ከጉዞ በኋላ ቅናሽ አይፈቅድም። ሰውየው ተመልሶ ሲጠይቅ አይሆንም ተባለ። ነገሩ በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት ውስጥ አነስተኛ የፍትሐ ብሔር ክርክሮችን የሚያይ ችሎት ፊት ቀረበ። የአየር መንገዱ ክርክር በአጭሩ ቦቱ ራሱን የቻለ አካል ስለሆነ ለተናገረው ተጠያቂው ራሱ ቦቱ ነው የሚል ነበር። ችሎቱ አልተቀበለውም። ድረ ገጹ ላይ ለሚወጣው ሁሉ ተጠያቂው ድርጅቱ ነው ብሎ በፌብሩዋሪ 2024 ወጪና ወለዱን ጨምሮ 812 የካናዳ ዶላር ገደማ እንዲከፍል ወሰነ።

ለአየር መንገድ ይሄ ገንዘብ ምንም አይደለም። ለእትዬ ግን የ5,000 ብር ጫማ በ3,000 ብር ተሽጧል ማለት የዚያ ቀን ትርፍ ሄደ ማለት ነው። እኛ ዴሞ ስናሳይ የምንፎክረው ስንቱን በትክክል እንደሚመልስ ነው። እሳቸው ቶሎ የታያቸው የተሳሳተው ነው፤ ምክንያቱም የሚያርፈው እሳቸው ኪስ ላይ ነው።

ስህተት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቦቱ የሌለ ነገር ፈጥሮ ሲያወራ ነው። ያም አለ። እኛን ክፉኛ የመታን ግን ሰዓት ነው። አንዲት ደንበኛ "ነገ 3 ሰዓት ላይ አድርሱልኝ" ብላ ጻፈች። ማናችንም ብንሆን ጠዋት ሥራ መግቢያ ላይ ማለቷ እንደሆነ ይገባናል። ቦቱ በፈረንጅ ሰዓት ቆጥሮ ከሰዓት በኋላ አድርጎ መዘገበው፣ ሞተረኛው ቀን 9 ሰዓት ላይ ደረሰ። ደንበኛዋ ጫማውን የፈለገችው ለዚያው ቀን የእህቷ ምርቃት ነበር። ጫማው ተመለሰ። የሞተሩን እኛ ከፈልን። እትዬ ግን ሽያጩንም ደንበኛዋንም አጡ።

ይህንን ማንም የውጭ ኩባንያ መጥቶ አያስተካክልልንም። ሞዴሉ በአብዛኛው የተማረው ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ነው ወይ ብትሉት አዎ ብሎ በደንብ ያብራራላችኋል። ሲጠየቅ ማወቅና ሥራ መሃል ላይ ማስታወስ ግን ለየቅል ናቸው። አድራሻም እንዲሁ ነው። "ከማደያው ጀርባ ገባ ብሎ፣ ቀዩ በር፣ ስትደርሱ ደውሉ" ለእኛ የተሟላ አድራሻ ነው። ቦቱ ግን የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር እየጠየቀ ሰው ያደክም ነበር።

ስለዚህ አሁን ከሥራዬ ትልቁን ሰዓት የሚወስደው ፈተና ማውጣት ነው። ውጭ ያሉት ኢቫል ይሉታል። ከነጋዴዎቹ ፈቃድ ወስደን፣ ስምና ስልክ አጥፍተን፣ እውነተኛ የደንበኛ ጥያቄዎችን ሰበሰብን። እያንዳንዱ ጥያቄ ምን ተብሎ ቢመለስ ትክክል እንደሆነ የነገሩን ነጋዴዎቹ ራሳቸው ናቸው። እኔ ትክክል ያልኩትን እትዬ ብዙ ጊዜ ሰርዘውብኛል። "38 አለ?" ለሚለው እኔ "አዎ አለ" ብዬ ነበር። እሳቸው "አለ፣ ጥቁርና ቡኒ፣ ጥቁሩ አንድ ነው የቀረው" በል አሉኝ። የመጨረሻዋ ሐረግ ናት የምትሸጠው። ሞዴል በተለወጠ ቁጥር፣ ለሞዴሉ የምንጽፍለት መመሪያ (ፕሮምፕቱ) አንድ መስመር በተነካ ቁጥር፣ ፈተናውን ከመጀመሪያው እናስኬዳለን። አንድ ጊዜ ሁሉም ሰው እያወደሰው የነበረ አዲስ ሞዴል መጣና ልንቀይር ተነሳን፤ ጽሑፉ በጣም ያምራል፣ ሰዓት ላይ ግን ከአሮጌው ባሰ። ፈተናው ባይኖር ኖሮ ይሄንን የሚነግረን የተናደደ ደንበኛ ነበር።

አንድ ሌላ ውሳኔም ወሰንን፣ ኢንጂነሮቻችን መጀመሪያ ላይ ያልወደዱትን። ዋጋ ከሞዴሉ አፍ አይወጣም። ዋጋና የቀረ ብዛት የሚመጣው ባለሱቁ ከሞላው ዝርዝር ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ቦቱ "ጠይቄ ላሳውቅ" ብሎ ወደ ባለቤቱ ያስተላልፋል። ዴሞው እንደ በፊቱ አያስደንቅም። እትዬ ጋ ሄጄ ግን "በዋጋ ከተሳሳተ እኛ እንከፍላለን" ለማለት የቻልኩት ይሄ ከሆነ በኋላ ነው። ውላችን ውስጥም አስገባነው።

ስለ አማርኛው ራሱ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ማንም ቀድሞ አልነገረኝም ነበር። እንግሊዝኛ ላይ ቦት የሚሠራ ሰው ደንበኛውን ምን ብሎ እንደሚጠራው አይጨነቅም። እኛ ጋ ቦቱ ገና አፉን ሲከፍት አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ የሚለውን መምረጥ አለበት። ስሙን አይቶ ጾታ ይገምታል፤ ቴሌግራም ላይ ደግሞ ግማሹ ሰው ስሙ ቅጽል ወይም አበባ ነው። አንዲት ትልቅ ሴትን "አንተ" ብሏቸው ቻናሉን ጥለው ወጡ። ከዚያ ሁሉንም "እርስዎ" እንዲል አደረግነው። ሰላም አገኘን ብለን ስናስብ አንድ የልብስ ነጋዴ ደውሎ "ደንበኞቼ ከባንክ ጋር የሚያወሩ መሰላቸው፣ እኔ እኮ ውዴ ነው የምላቸው" አለኝ። እውነቱን ነው። የእሱ ደንበኞች ወጣቶች ናቸው።

በመጨረሻ የረዳን ነጋዴዎቹ እንዴት እንደሚጽፉ ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው። ጎበዝ ሻጭ ሲቸኩል ሰውን አይጠራም። "አለ። 3,800። ዛሬ ይደርሳል።" በቃ። አንተም አንቺም የለበትም። ቦቱን እንደዚያ አስተማርነው፤ መልሱ አጠረ፣ ቅሬታው ቀነሰ፣ ወጪውም አብሮ ወረደ።

ወደ ወጪው ልምጣ፣ ምክንያቱም "ማን ይከፍላል" የሚለው ሁለተኛ ትርጉሙ እዚህ ነው። ድሮ ሶፍትዌር ላይ ከባዱ ወጪ መሥራቱ ነበር። ከተሠራ በኋላ 10 ሰው ቢጠቀምበት 1,000 ሰው ቢጠቀምበት ብዙ ልዩነት የለውም። ኤአይ እንደዚያ አይደለም። ደንበኛ "ስንት ነው?" ባለ ቁጥር ቆጣሪ ይዞራል፤ የሚቆጥረው ደግሞ በዶላር ነው። ለአማርኛ ሲሆን ፈጠን ብሎ ይዞራል። ሞዴሎቹ የሚያስከፍሉት በቃል ሳይሆን ቶከን በሚሉት ቁራጭ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ቶከን በአማካይ አራት ፊደል ገደማ ይይዛል። የእኛ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ ሲቀመጥ እያንዳንዱ 3 ባይት ነው፣ የእንግሊዝኛው 1። ቃላታችን ሞዴሉ ከያዘው የቁራጮች መዝገብ ውስጥ በብዛት ስለሌሉ ይበጣጠሳሉ፤ በቀደሙት ሞዴሎች አንድ ፊደል ብቻውን ሁለት ሦስት ቶከን ይሆን ነበር። አዲሶቹ ተሻሽለዋል፣ ልዩነቱ ግን አልጠፋም። ስለዚህ አንድን ሐሳብ በአማርኛ መጠየቅና መመለስ በእንግሊዝኛ ከሚያስወጣው እጥፍ ድርብ ያስወጣል። ብዙ የአዲስ አበባ ስታርታፖች የቢዝነስ ፕላን ሲያወጡ የእንግሊዝኛውን ሒሳብ ገልብጠው ያስገባሉ። እባካችሁ እንደዚያ አታድርጉ፤ ከራሳችሁ ደንበኛ ጽሑፍ ላይ ቆጥሩት።

ብሩም አለ። ጁላይ 29፣ 2024 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ደንበኞቻችን የሚከፍሉን በቴሌብር ነው፣ በብር። እኛ የምንከፍለው በዶላር። በሌላ በኩል ደግሞ የሞዴሎቹ ዋጋ ራሱ እየወደቀ ነው፤ የቻትጂፒቲ ሠሪ የኦፕንኤአይ ሞዴል ጂፒቲ-4 በማርች 2023 ሲወጣ ለሚሊዮን የግቤት ቶከን (ለሞዴሉ ለሚሰጠው ጽሑፍ) 30 ዶላር ነበር፣ በጁላይ 2024 የወጣው ጂፒቲ-4ኦ ሚኒ 15 የአሜሪካ ሳንቲም። ሚኒው የዋናውን ያህል ብርቱ አይደለም፣ ለጫማ ዋጋ ግን ከበቂ በላይ ነው።

በዚህ መሃል ዋጋ ስንት ይባላል? እኛ ብቻ አይደለንም የተቸገርነው። በጃንዋሪ 2025 የኦፕንኤአይ መሪ ሳም አልትማን በወር 200 ዶላር የሚከፈልበት ቻትጂፒቲ ፕሮ ለኩባንያው ኪሳራ እንደሆነ፣ ሰዎች ከጠበቁት በላይ ስለተጠቀሙበት እንደሆነ ኤክስ ላይ ጻፈ። ዋጋውን የመረጠው ራሱ ነበር። ከርሰር የሚባለው የፕሮግራመሮች መሣሪያ ደግሞ በጁን 2025 የ20 ዶላሩን ክፍያ አሠራር ቀየረ፤ ሰዎች ያልጠበቁት ሒሳብ መጣባቸው፣ ተቆጡ፣ ኩባንያው በጁላይ መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቆ ገንዘብ መለሰ። የሁለቱም ችግር አንድ ነው። ወጪው በአጠቃቀም ልክ ይጨምራል፣ ደንበኛው የለመደው ግን በወር አንድ ቁርጥ ክፍያ ነው።

የደንበኛ አገልግሎት ሶፍትዌር የሚሸጠው ኢንተርኮም ለዚህ ያመጣው መፍትሔ ያስቀናኛል። ፊን የሚባለው የእነሱ ቦት በ2023 ሲወጣ የደንበኛውን ጉዳይ ከፈታ ብቻ 99 የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍል ነበር። ካልፈታ ምንም። እኔም ወደ ነጋዴዎቻችን ይዤው ሄድኩ፤ "ለተመለሰ ጥያቄ ብቻ ይክፈሉ" አልኳቸው። የሚደሰቱ መስሎኝ ነበር። አንዱ ነጋዴ "ወሩ መጨረሻ ላይ ስንት እንደሚመጣብኝ ሳላውቅ?" አለኝ። "ደግሞ ተመለሰ አልተመለሰ የሚለው ማን ነው? አንተ ነህ።" ትክክል ነው። ስንጨቃጨቅ ልንኖር ነው።

የሠራልን ሁሉም ሰው ከስልኩ የሚያውቀው ነገር ነው። ጥቅል። የወር ጥቅል ይገዛሉ፣ ይሄን ያህል ውይይት አለው፣ ሲያልቅ ቦቱ ያሳውቅና መልእክቶቹ እንደ ድሮው ለባለቤቱ ይመጣሉ። ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። እኛም ኪሳራችን የት እንደሚቆም እናውቃለን። ቀላሎቹ ጥያቄዎች፣ "አድራሻ የት ነው" ዓይነቶቹ፣ ሞዴሉ ጋ ሳይደርሱ ከዝርዝሩ ይመለሳሉ፤ እነሱን ከጥቅሉ አንቀንስም። ይሄንን የመጨረሻውን ለነጋዴዎቹ ስነግራቸው ያመኑኝ ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ አንድ ጓደኛዬ "ዋጋውን ፎቶው ላይ ቢጽፉት ቦትም አያስፈልግም ነበር" ብሎኛል። እኔም በመጀመሪያው ሳምንት እንደዚያ አስቤ ነበር። እትዬን ስጠይቃቸው ሳቁ። ዋጋ የማይለጥፉት ጎረቤታቸው አይቶ 100 ብር እንዳይቀንስ ነው። ሁለተኛ፣ ዋጋ የጠየቀ ሰው ወሬ ጀምሯል፣ ወሬ የጀመረ ሰው ይገዛል። ሦስተኛ፣ የድሮ ደንበኛና አዲስ ደንበኛ እኩል አይከፍሉም። "የመጨረሻ ስንት?" የምትለዋ ጥያቄ ውስጥ የእሳቸው የዓመታት ሙያ አለ። ስለዚህ ቦቱ አይከራከርም። "የመጨረሻ" የሚል ቃል ሲያይ ለእሳቸው ያስተላልፋል። ሞዴሉ መከራከር ይችላል፣ ሞክረነዋል፤ ግን በሰው ትርፍ ላይ መደራደር የእኛ ሥራ አይደለም። ፕሮዳክት ላይ ከወሰንኳቸው ውሳኔዎች በጣም የምኮራበት ይሄ ነው።

ኢንቨስተሮች ጋ ስንሄድ ጥያቄው ሌላ ነው። "ነገ ኦፕንኤአይ ራሱ ይሄንን ቢሠራውስ?" የጃስፐርን ታሪክ ስለሚያውቁ ነው የሚጠይቁት። ጃስፐር በኦፕንኤአይ ሞዴል ላይ ተመሥርቶ የማስታወቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ መሣሪያ ነው። በኦክቶበር 2022 በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ግምት 125 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። ኖቬምበር 30 ላይ ቻትጂፒቲ በነፃ ወጣ። ሰው ሁሉ ያንኑ ጽሑፍ ያለ ክፍያ ማስጻፍ ቻለ። በቀጣዩ ጁላይ ኩባንያው ሠራተኛ ቀነሰ፤ ከዚያ ወዲህ ትኩረቱን ወደ ትላልቅ ድርጅቶች የማርኬቲንግ ክፍሎች አዞረ።

ጃስፐር ሰነፍ ስለነበረ አይደለም። የሚሸጠው ነገር ከሚከራየው ሞዴል ብዙ ስላልራቀ ነው። እኔ ለኢንቨስተሮች የምመልሰው ፈተናችንን አውጥቼ በማሳየት ነው። 3 ሰዓት፣ ቀዩ በር፣ "ጥቁሩ አንድ ነው የቀረው"፣ "የመጨረሻ"፣ በላቲን ፊደል ተንጋዶ የተጻፈ አማርኛ። ሞዴሉን ማንም ይከራየዋል። ይህ ዝርዝር ግን የተሰበሰበው ሱቅ ለሱቅ እየተዞረ ነው። ሁሉም አያምኑኝም። አንደኛው "ይሄ ቴክኖሎጂ አይደለም" ብሎኛል። እኔ ግን ምርታችን ይሄው ነው ብዬ አምናለሁ።

ማርኬቲንጉ ላይ የመጀመሪያዎቹን ወራት አባክነናል። ማስታወቂያችን "በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ዘመናዊ የሽያጭ ረዳት" ይል ነበር። ቲክቶክ ላይ ብዙ ታየ። የተመዘገበው ግን ተማሪና የእኛው ዓይነት የቴክ ሰው ነው። ነጋዴ አልመጣም። ከዚያም ይባስ፣ የመጡት ጥቂቶች የሚጠይቁት "ቻናሌን አይወስድብኝም?" ብለው ነበር። ቻናላቸው የተጠለፈባቸው ሰዎች ያውቃሉ። ለእነሱ ቻናሉ ሱቃቸው ነው፤ የማያውቁትን ነገር ቁልፍ አይሰጡትም።

ያንን ጽሑፍ አውርደን "ማታ ይተኙ፣ መልእክቱን እኛ እንመልሳለን፣ በዋጋ ከተሳሳትን እኛ እንከፍላለን" አልን። ኤአይ የሚል ቃል የለበትም። አልደበቅነውም፤ ቦት መሆኑን ለደንበኛው ገና ሲጀምር ይናገራል፣ ይሄ መደራደር የሌለበት ነው። ግን ነጋዴው የሚገዛው እንቅልፉን እንጂ ቴክኖሎጂውን አይደለም። ማስታወቂያው ራሱ ግን ያን ያህል አልሸጠም። የሸጠልን እቁብ ነው። እትዬ የነጋዴዎች እቁብ አላቸው፤ አንድ እሑድ ስለ ሰዓቱ ስህተትና የሞተሩን እንደከፈልን ተናገሩ። ጥሩነቱን አይደለም የነገሯቸው፣ ስንሳሳት ምን እንዳደረግን ነው። በዚያ ሳምንት አራት ሰው ደወለልን። ከቲክቶኩ ሁሉ የበለጠ።

አሜሪካ ያሉ በዚሁ ሙያ የሚሠሩ ጓደኞቼ ጭንቀታቸው ይለያል። ጉግል ከሜይ 2024 ጀምሮ ከፍለጋው ውጤት በላይ የራሱን የኤአይ ማጠቃለያ ማውጣት ሲጀምር፣ ለዓመታት ጽሑፍ እየጻፉ ያመጡት የነበረው ጎብኚ ሳይጫን መልሱን እዚያው አንብቦ ይሄዳል። እኛ ጋ የጫማ ገዢ ጉግል ላይ አይፈልግም፣ ስለዚህ ገና አልነካንም። የሚመጣ ግን ይመስለኛል፤ አሁን ተማሪው ሁሉ ቻትጂፒቲን ነው የሚጠይቀው፣ "አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ ጫማ የት አለ" ብሎ የሚጠይቅበት ቀን ሩቅ አይደለም። የዚያን ቀን ቴሌግራም ውስጥ የተዘጋ ሱቅ በምን ይገኛል?

ስለ ግል መረጃም በአጭሩ። በእኛ አቆጣጠር በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ። ደንበኛ ስልኩንና ሰፈሩን ለቦቱ ሲጽፍ ያ ጽሑፍ አገር ውጭ ያለ ሰርቨር ሊደርስ ይችላል። እኛ ስልክና አድራሻውን ሞዴሉ ጋ ሳይደርስ እንሸፍነዋለን። ብዙዎች "ትልቅ ስንሆን እናስብበታለን" ይላሉ። ከመጀመሪያው ካልተሠራ በኋላ ማስገባቱ በጣም ከባድ ነው።

ባለፈው አንድ ወጣት መሥራች "ሙሉ በሙሉ ሰው አያስፈልግም ብለን ብንሸጠው አይሻልም?" ብሎ ጠየቀኝ። ክላርናን ነገርኩት። የስዊድኑ የክፍያ ኩባንያ ክላርና በፌብሩዋሪ 2024 የኤአይ ረዳቱ በመጀመሪያው ወር 2.3 ሚሊዮን ውይይት እንዳስተናገደ፣ ከደንበኛ አገልግሎት ውይይቶቹ ሁለት ሦስተኛውን እንደያዘና የ700 ሠራተኛ ሥራ እንደሚሠራ አስታወቀ። ዓለም ሁሉ አወራለት። በሜይ 2025 ግን የኩባንያው መሪ ሴባስቲያን ሼማትኮቭስኪ ወጪ ቅነሳ ላይ አብዝተው በማተኮራቸው ጥራቱ እንደወረደ ተናግሮ፣ ደንበኛ ሲፈልግ ሁልጊዜ ሰው እንዲያገኝ መልሰው ሰው መቅጠር ጀመሩ። ኤአዩን አልጣሉትም። ሰው የሚያስፈልግበትን ቦታ ነው ዘግይተው ያወቁት።

እትዬ ይሄንን ቦታ ራሳቸው ወሰኑት። ቦቱን የሚያበሩት ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ብቻ ነው። ቀን ቀን ራሳቸው ይመልሳሉ። እኛ መጀመሪያ እንደ ጉድለት አይተነው ነበር፤ ግማሽ ቀን የማይጠቀም ደንበኛ ማለት ግማሽ ገቢ ነው ብለን። አሁን "የማታ ጥቅል" ብለን ለብቻው እንሸጠዋለን፤ ከሁሉም በላይ የሚሸጠውም እሱ ነው።

አሁን የገጠመን ድምፅ ነው። መጻፍ የማይወዱ ደንበኞች በድምፅ መልእክት ይጠይቃሉ፤ እናቶች በተለይ። አማርኛ ድምፅን ወደ ጽሑፍ መለወጥ ወጪው አንድ ነገር ነው፣ "ሠላሳ ስምንት"ን "ሃያ ስምንት" ብሎ መስማቱ ደግሞ ሌላ። ቢሳሳት የሚሄደው የልጅ ጫማ ነው፣ እንደ ሞተሩ ሒሳብ የምንከፍለውም እኛ ነን። ስለዚህ ገና አልከፈትነውም። ሰኞ እትዬ ሱቅ ሄጄ የሳምንቱን የድምፅ መልእክቶች አንድ በአንድ አብረን እናዳምጣለን። እሳቸው ትክክለኛውን መልስ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ።